የጋሽ ወልዴ ሁለት ሙስታንጎች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5፣ ረፋድ

ሶማሌ ተራ ዛሬም መላወሻ የለም። ሁለት የጭነት መኪኖች የሱቄ በር ላይ ተፋጠው ቆመዋል፤ ማንኛቸውም ወደ ኋላ አይሉም። አንድ ደንበኛ ለፍሬን ሸራ ግማሽ ሰዓት ተከራክሮኝ ሳይገዛ ሄደ። ይሂድ።

ሐጂ ሸረፋ ደወሉ። ሱቅ ስከፍት ዋስ የሆኑኝ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ እምቢ አይባሉም። የጋሽ ወልዴ ልጆች፣ ሽመልስና ፀዳለ፣ ውርስ ሊካፈሉ ነው። ከአባታቸው ቀብር ወዲህ አይነጋገሩም። ሽማግሌዎቹ ስንት ደጅ ጠንተው አሁን ገና እሺ አሰኟቸው። ቤቱ ለሁለት፣ ሁለቱ ሙስታንጎች በዕጣ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ። ዕጣ እንዲወጣ ግን መኪኖቹ እኩል መሆን አለባቸው። አንዷ ከበለጠች ያነሰችዋ የደረሰችው ሰው ከቤቱ ይካሳል። ይህን የሚፈርደው ማነው? እኔ! የአሜሪካ መኪና ዕቃ ሰብስቤ የምደረድር እኔ። ሚስቴ ዘይነባ ያን መደርደሪያ መቃብር ነው የምትለው።

ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ልጅ ሆኛለሁ። ጋሽ ወልዴ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ የአሜሪካኖች መካኒክ ሆነው ኖረው፣ ሰዎቹ አገር ሲለቁ ሁለቱን መኪኖች ከእነሱ ገዙ። እኔ ጎረምሳ ሆኜ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ አያቸው ነበር። ነክቻቸው አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ

አማኑኤል ሰፈር፣ ጋሽ ወልዴ ግቢ ውዬ መጣሁ። እጄ ዘይት በዘይት። አልታጠብኩም፤ መጀመሪያ ልጻፍ።

ሁለቱም በፈረንጅ የስልሳ ዘጠኝ ሥሪት። ሁለቱም ጥቁር ሰማያዊ። ኮፈናቸው ላይ ያው ጉብታ፣ ጎናቸው ላይ ያው ነጭ መስመር፣ የቤንዚን ክዳናቸው ላይ ያው ጂ.ቲ. የሚል ጽሑፍ። ከሩቅ መንታ ናቸው።

ከቅርብ አይደሉም። በግራ የቆመችው፣ የሻንሲ ቁጥሯ አምስተኛው ምልክት ኤም ነው። ሞተሩን የሚናገረው እሱ ነው። ትልቅ ሞተር፣ ባለ አራት አፍ ካርቡራተር። በሩ ጠርዝ ላይ ያለችው ቆርቆሮ ላይ የዲፈረንሻሉ ኮድ ፊደል ነው። ቁጥር ቢሆን ተራ ነበር፤ ፊደል ከሆነ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አብረው ይገፋሉ። የፊት ፍሬኗ ዲስክ። ባሌስትራዋ ወፍራም። ጂ.ቲ. የሚሉትን ጥቅል ከፋብሪካ ሙሉውን ይዛ የወጣች መኪና ናት። እንዲህ ዓይነቷን በዕድሜዬ ሁለተኛ አላይም።

የቀኟ ኤፍ ናት። ትንሹ ሞተር፣ ባለ ሁለት አፍ። ታምቡር ፍሬን። ተራ ዲፈረንሻል። ያን ዓመት ደግሞ ጂ.ቲ. ለትንሹ ሞተር ጭራሽ አይሰጥም ነበር። መስመሩም ክዳኑም የጋሽ ወልዴ እጅ ሥራ ነው። እህቷን እንድትመስል አለበሷት። እንዴት ያለ ሥራ! የቀለሙን ጠርዝ በጥፍሬ ፈለግሁት፤ አጣሁት።

ትሄዳለች፣ ጤነኛ ናት። ከግራዋ ጋር ግን አትወዳደርም። በገበያ ግማሿንም አታወጣ።

ቅዳሜ ይህንኑ እናገራለሁ። ምን ችግር አለው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 10 ሰ.

አልተናገርኩም።

እንዴት እንደሆነ ልጻፍ። ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ሽመልስ በአንድ ጥግ፣ ፀዳለ በሌላ ጥግ። አባቷን ሦስት ዓመት ያስታመመች እሷ ናት፤ ሰውነቷ አልቋል። ቆማ ነበር። ሽመልስ ተነሳና የራሱን ወንበር ወስዶ አጠገቧ አስቀመጠላት። "ተቀመጪ በቃ፣ እግርሽን ያምሻል አይደል" አላት። እሷ ማልቀስ ጀመረች። እሱም። ሐጂ ሸረፋ ሳይቀሩ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

የዚያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። "ነስሩ፣ እኩል ናቸው?" አሉኝ። ዓይናቸው አዎን በል ይላል። "አይ፣ የግራዋ ትበልጣለች" ብል ምን እንደሚከተል አየሁት፤ ማካካሻ፣ ክርክር፣ የቤቱ የፊት ክፍል ለማን፣ ወንበሩ ተመልሶ ወደ ቦታው።

"እኩል ናቸው" አልኩ።

ሽመልስ የቁልፍ መያዣውን ሰጠ፣ ፀዳለ የፀጉር ማሰሪያዋን። ሁለቱ በጨርቅ ተጠቅልለው ተያዙ። በበር የምታልፍ ሽንኩርት የተሸከመች ሴት ተጠርታ፣ የምን እንደሆነ ሳታውቅ ለየመኪናው አንዳንድ አነሳች። የግራዋ ለሽመልስ። የቀኟ ለፀዳለ። ከዚያ ምርቃት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እጁን ዘረጋ። አሜን ሲባል ከሁሉ የኔ ድምፅ ጎላ። ምን አስጮኸኝ?

እሁድ፣ ጥቅምት 10

ምሳ አልበላሁም። ዘይነባ አሞሃል ወይ አለችኝ። ጨጓራ አልኳት። እሷንም ዋሸሁ።

ራሴን አጽናናለሁ። ሁለቱም ባለ ስምንት ሲሊንደር ናቸው። ዕጣ ነው፣ ያወጣው አላህ ነው። ወንድምና እህት ታረቁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ? አሳምሬ እናገራለሁ። ሆዴ ግን አይሰማኝም።

ፀዳለ ደወለች። ልታመሰግነኝ። ሲኒማ ራስ አካባቢ ልብስ ስፌት ልትከፍት ነው፣ መኪናዋን ሸጣ። ገዢ አግኝታለች፤ ሙሉ ጂ.ቲ. ናት ብላዋለች። በምን ታውቂያለሽ ቢላት፣ ነስሩ ነው ያየልኝ አለችው። "አንተ ብለሃል ካልኩት በኋላ ጥያቄም የለውም፣ ወንድምዬ" አለችኝ። የፊቱን ክፍልም ለሽመልስ ትታለታለች። መኪናው እኩል ከደረሰን በክፍል አልጣላውም ብላ።

እሺ፣ እሺ፣ መልካም ነው እላለሁ እኔ። ስልኩን ስዘጋ ጆሮዬ ይግላል። ሌባ ነኝ። ከሌባ የምለየው ለራሴ ባለመውሰዴ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12፣ ከሰዓት

እሱም መጣ።

ሽመልስ ሱቅ ገባ፣ ፊቱ የበራ። ቤንዚኑ አልተቻለም አለ። ሞተሩን አስወርዶ የሚኒባስ የናፍጣ ሞተር ሊያስገባላት ነው። ዓርብ ጋራዥ ትገባለች። እዚህ አገር ያልተደረገ ነገር አይደለም፤ ስንቷ አሜሪካ ሠራሽ ሆዷ ወጥቶ በናፍጣ ትሄዳለች። ሞተሩን ምን ላድርገው፣ ካርቡራተሩንስ፣ ዲፈረንሻሉንስ አለኝ። "አንተ ውሰደው ነስሩ፣ ለዚያ መደርደሪያህ። ለሌላ ከምሰጠው።" ዋጋውን ነገረኝ። ከብረት ዋጋ ብዙም አይበልጥ።

ደስ አለኝ። ወላሂ ደስ አለኝ። ማስታወሻዬ፣ ላንተ ካልተናገርኩ ለማን እናገራለሁ? የት እንደማስቀምጠው ሁሉ አሰብኩ። መደርደሪያው ላይ ያሉትን የቆዩ ራዲያተሮች በዓይኔ ማንሳት ጀመርኩ።

እሱ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። ቅዳሜ ስለ ሰላም ብዬ ነበር። ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ይህን ሞተር ከወሰድኩ ግን ለዚህ ነው እኩል ናቸው ያለው ይባላል። የሚሉት ሰዎች ይፈረድባቸዋል? እኔ ራሴ ስለ ሌላ ሰው ብሰማ እላለሁ።

ሞተሩ ወጥቶ ቆርቆሮዋም በቀለም ከተሸፈነች ደግሞ ከሻንሲ ቁጥሯ በቀር የሚመሰክር ነገር አይቀርም፤ እሱንም የሚያነበው እኔ ብቻ። ፀዳለም መቼም አታውቅ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ሐጂ ሸረፋ ዘንድ ሄድኩ። ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ሱቃቸው ጓሮ። ሁሉንም ነገርኳቸው። መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ተቆጡ፤ ድምፃቸውን ሳያነሱ። ምርቃት ተደርጓል፣ የተመረቀ ነገር አይከፈትም አሉ። ስንት ወር የለፋንበትን፣ አላህ ያስታረቀውን፣ አንተ በአንድ ብረት ልታፋጅ ነው? አሉኝ። እኔም በአንድ ብረት አይደለም፣ በእሷ ድርሻ ነው አልኩ። ያንን ቅዳሜ ነበር የምትለው አሉ።

እውነት አላቸው። ቅዳሜ ነበር።

ስወጣ አልሸኙኝም። ሁልጊዜ እስከ በር ይሸኙኝ ነበር።

ዘይነባን ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ልጅቷ ክፍሉንም ለቃለች ነው የምትለኝ? አለች። አዎ አልኳት። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15፣ ጠዋት 3 ሰ.

ጋራዥ ነኝ። በድሮ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው የምጽፈው፤ በኋላ አጣብቀዋለሁ። የግራዋ ኮፈን ወልቋል። የሞተር ማንሻው ሰንሰለት ወርዷል፣ ገና አላሰሩትም። መካኒኩን ቁም፣ ብሎን እንዳትነካ አልኩት። ማን ነህ አለኝ። ዕቃውን የሚገዛው ሰው አልኩት። የመጨረሻዋ ውሸቴ ትሁን።

ለሁለቱም ደውያለሁ፤ ሽመልስን ና፣ ፀዳለን ነይ ብዬ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። እሷ ሳቀች፣ መኪናውን ልታስመርቀን ነው? አለች። ወይ እኔ።

በሩን ከፍቼ ቆርቆሮዋን በጨርቅ ጠረግኋት። ፊደሉ ጥርት ብሎ ይታያል። አሳያቸዋለሁ። ሁለቱን መኪኖች እያነጻጸርኩ አስረዳለሁ፤ ካርቡራተሩን፣ ፍሬኑን፣ ዲፈረንሻሉን። ይህኛው ቀላል ነው። ስለ መኪና ማውራት መቼም አያቅተኝ።

የሚያቅተኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ "ተሳስቼ ነበር"። እንዴት ደስ የምትል ቃል! ሰው ይሳሳታል። ቆርቆሮዋ ቆሽሻ ነበር፣ ቸኩዬ ነበር፣ ዓይኔም ደክሟል። ፀዳለ ድርሻዋን ታገኛለች፣ ሽመልስ ይነጫነጭና ይተዋል፣ ሐጂም ስህተት ነው ብለው ሽማግሌ መልሰው ይሰበስባሉ። እኔም ነስሩ ሆኜ እቀራለሁ። ማንም አይጎዳም።

ቅዳሜ ዕለትም ማንም አይጎዳም ነበር ያልኩት።

የበሩ ብረት ተንኳኳ። አብረው መጡ። እሱ ቦርሳዋን ይዞላታል፤ እየተሳሳቁ ነው። ያ ሳቅ በኔ አፍ ሊጠፋ ነው።

የመጀመሪያ ቃሌ "አውቅ ነበር" ነው። ከመኪናው በፊት፣ ከሰላምታው ቀጥዬ…