በወረቀት ላይ ስለቀረበችው የጥልማ ምንጭ

ግንቦት 1999 ዓ.ም.
ሰቆጣ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የምርምርና የሕትመት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ራስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በመደርደሪያዎ ላይ ተሰልፈው የቆሙት መጻሕፍትዎ፣ አንባቢ እጅ ሳይነካቸው ደኅና ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በዋግ ያሉ ታቦታት ሁሉ ዕድሜዎን እንዲያረዝሙት፣ ከወንበርዎ እንኳ ሳይነቃነቁ እንዲጠብቁዎት እንጸልያለን።

እኔ ሰርካለም ምሳው እባላለሁ። ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ምግብም አልጋም ያላት አነስተኛ ቤት አለችኝ። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ስለዚህ የፊደል ግድፈት ቢያገኙብኝ በቀይ እስክሪብቶ አርመው ያስቀሩት እንጂ አይቀየሙኝ። የዩኒቨርሲቲውን ስም ከላይ ያልጻፍሁት ረስቼው ሳይሆን ክብሩን ጠብቄ ነው፤ ራሱን ያውቃል። የተወለድሁት ከከተማው ወጣ ብላ አፋፍ ላይ በተቀመጠችው በጥልማ መንደር ነው። መቼም ጥልማን እርስዎ ከእኔ አብልጠው ሳያውቋት አይቀሩም፤ በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ከዩኒቨርሲቲዎ ያልመጣባት የሙያ ዓይነት የለምና።

አንዱ የንብ ነኝ ብሎ መጣ። አንዱ የፍየሎቻችንን አፍ እየፈለቀቀ ጥርሳቸውን ሲመለከት ሰንብቶ፣ ምን እንዳየ ለባለቤቶቹ ትንፍሽ ሳይል ሄደ። አንዷ የሙሾ አጥኚ ነኝ ብላ እኔው ቤት አልጋ ይዛ ሰው እስኪሞት ጠበቀች፤ በዚያ ወር ማንም ባይሞት ጊዜ፣ የእውነቴን ነው፣ ትንሽ ከፋት። አንዱ የካብ፣ አንዱ የምስጥ፣ አንዱ የአፈር ነበሩ። ሁሉም ጨዋ ልጆች ናቸው። አብልቻቸዋለሁ፣ አሳድሬያቸዋለሁ፣ ሲታመሙም ነጭ ሽንኩርት በማር ሰጥቻቸዋለሁ። ግን እርስዎ ይፍረዱኝ፤ አንድ ጊዜ የመጣ እንግዳ ነው፣ ደግሞ የመጣ ዘመድ ነው፣ እየተመላለሰ መጥቶ የመጣበትን የማይናገር ግን የሆነ ነገር ዐይቷል ማለት ነው። ምን ዐይታችሁብን ይሆን እያልሁ ስጠረጥር ኖሬ፣ ባለፈው ጥር ከደንበኞቼ አንዱ የዩኒቨርሲቲያችሁን የጥናት መድበል “ለማስታወሻ” ብሎኝ ሄደ። አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። በየጥናቱ መጨረሻ ግን አጠር ያለ አማርኛ አለችው፤ እሷን በጾሙ ከሰዓት በኋላ እየተቀመጥሁ አንብቤ ጨረስሁ። ከዚህ በታች ያሉትን ቅሬታዎች፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎች ያመጣብኝ እሱ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ውሃ። ብዙነህ የሚባለው ተመራማሪያችሁ ጥልማ የደረሰ ዕለት አዲስ ጫማ አድርጎ ኖሮ ተረከዙ ተልጦ ነበር። አባ ወልደ ሐዋርያት የሚባሉ ሽማግሌ አሉን፤ እሳቸው ግቢ፣ ወይራው ጥላ ሥር አስቀመጡት። እህቴ ጥሩሐረግ ጎረቤታቸው ናትና በወጉ መሠረት ውሃ አምጥታ እግሩን ታጥበው ጀመር። ልጁ ትጉህ ነው፤ እግሩን ገበቴ ውስጥ እንደነከረ ወረቀቱን አወጣና “አባቴ፣ የምትጠጡት ውሃ ከዚህ ሩቅ ነው?” ብሎ ጠየቀ።

የተከበሩ ሆይ፣ በእኛ አገር ለደከመ ሰው “ሩቅ ነው” አይባልም። ጉልበቱን መስበር ነውና ነውር ነው። አዲስ አበባ በእግሬ ልሄድ ነው የሚል መንገደኛ ቢመጣ እንኳ “አይዞህ፣ ከዚያች ጉብታ ጀርባ ናት” ብለን ነው የምንሸኘው። አባም “ኧረ ቅርብ ነው ልጄ! እዚችው ናት፣ ከጉብታዋ ሥር። አንተ ብቻ ዕረፍ” አሉት። እሳቸው የመሰላቸው ልጁ ሊወርድ አስቦ ነው። የቀሩት ጎረቤቶችም ሲጠየቁ የአባን ቃል አላሳፈሩም፤ ቅርብ ነው አሉ። ጥሩሐረግ ራሷ የተንጠፈጠፈውን ጀሪካን በእጇ ይዛ “ቅርብ ነው፣ ተመስገን” አለች። ምን ትበል? እንግዳ እግሩን እየታጠበ ሳለ ይህ ውሃ ከየት ገደል እንደመጣ መናገር፣ የሚበላን ሰው ጉርሻ እንደ መቁጠር ነው።

ብዙነህ ታጠበ፣ በላ፣ መረቀን፣ ተመለሰ። መድበሉ ውስጥ ምን ብሎ ጻፈ? “በጥልማ የመጠጥ ውሃ በአጥጋቢ ቅርበት ይገኛል፤ ነዋሪዎቹ ለእግር መታጠቢያ ሳይቀር በልግስና ሲጠቀሙበት ተመልክተናል።” ይህንን ለአባ ሳነብላቸው መጀመሪያ ሳቁ። ኋላ ግን “እኔ ልጁ እንዳይደክመው ብዬ ነው እንጂ ለመጽሐፍ መቼ ተናገርሁ?” አሉኝ።

ምንጫችን ያለችው ገደሉ ሥር ነው። ሴቶቹ በዶሮ ጩኸት ወርደው ፀሐይ ከናላቸው ላይ ስትደርስ ነው የሚወጡት። በዚህ በግንቦት ደግሞ ምንጯ ታንጠባጥባለች እንጂ አትፈስም፤ በጣሳ እየጠለቁ፣ ወረፋ እየጠበቁ ነው። ብዙነህ ዕድለኛ ነው፤ የእህቴን የዕለት ድካም ቁጭ ብሎ በገበቴ ታጥቦበታል። ደግሞም እንኳን ታጠበ፤ እንግዳችን ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ጀርባችን ላደረጋችሁልን ጥናት። እዚያው መድበል ውስጥ ጥቂት ገጾች ዝቅ ብሎ፣ የጤና ነኝ ያለ ሌላ ምሁራችሁ ጽፏል። ይኸኛው ሚዛን ይዞ መጥቶ ገደሉ አናት ላይ ተቀመጠና፣ ሴቶቹ ሲወጡ ጀሪካናቸውን እየመዘነ፣ የእጃቸውን ሥር እየያዘ የልባቸውን ምት አዳመጠ። ወደ ታች አልወረደም፤ ቢሆንም ላባችንን በቅርብ ስላየልን እናመሰግናለን። የጻፈውም “የጥልማ ሴቶች ውሃ ተሸክመው ረጅም አቀበት ስለሚወጡ ለወገብና ለጉልበት ሕመም ይዳረጋሉ” የሚል ነው። ጥሩሐረግ አምና ታኅሣሥ ከነሸክሟ ወድቃ ክንዷ ተሰብሮ፣ ወጌሻ ጠግኗት ተጣሞ ነው የዳነ። እንግዲህ የፊተኛው ምሁር እንዳለው ውሃው ቅርብ ከሆነ፣ ያን አቀበት ጀሪካን አዝለን የምንወጣው ለምንድን ነው? ለስፖርት ነው?

ሦስተኛ፤ ስለ ሴት ልጆቻችን ስለተቆረቆራችሁ። የእህቴ ልጅ ዮርዳኖስ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። የእናቷ ክንድ ከተጣመመ ወዲህ የምትወርደው እሷ ሆነችና ከትምህርቷ ቀረች። የትምህርት ነኝ ያለችው ተመራማሪያችሁ ትምህርት ያቋረጡትን ሴቶች እየዞረች ስትመዘግብ ዮርዳኖስንም መዝግባታለች። ምክንያቱ ምን ሆኖ ተገኘ? “የወላጆች የግንዛቤ እጥረት።” የተከበሩ ሆይ፣ ጥሩሐረግ ግንዛቤ አልጎደላትም፤ የጎደላት ክንድ ነው። ልጅቱ የት እንደምትውል ለመጠየቅ ብትፈልጉ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ የሚዛኑ ሰውዬ ጀሪካኗን መዝኖላታል።

እዚህ ላይ ነው ጥርጣሬዬ የባሰው። እነዚህ ሦስት ምሁራን አንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ አይደለም ወይ የሚሠሩት? ሻይ ሲጠጡ አይገናኙም? ሦስቱም ስለ አንዲት መንደር ጽፈው፣ አንድ ላይ ተጠርዘው፣ ገጽ ለገጽ ተደጋግፈው ተቀምጠው ሳለ “አንተ ቅርብ ያልኸው እኔ ሴቶቹን የመዘንሁበት አይደለም ወይ?” የሚል አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? መጀመሪያ የጠረጠርሁት ከሦስቱ አንዱ ዋሽቷል ብዬ ነበር። ልጆቹን ስለማውቃቸው ያንን ተውሁት። ቀጥዬ የጠረጠርሁት ሆን ተብሎ ነው፣ የዓይነቱን ብዛት እንጂ ነገሩን የሚፈልግ የለም ብዬ ነው። አሁን የምጠረጥረው ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያንን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ያነበበችው የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

አራተኛ፤ አፈራችንን መልሱልን። በየማሳው እየዞራችሁ በላስቲክ የቋጠራችሁትን ማለቴ ነው። ምን እንደተገኘበት ባይነገረን ግድ የለም፤ ግን የሰው አፈር ይዞ መቅረት በእኛ ዘንድ ደግ ነገር አይደለም። ሽማግሌዎቹ በዚህ ነገር እንቅልፍ የላቸውም።

ነገሩ በመጽሐፍ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ እኔም ስቄ፣ መድበሉን ከደንበኞች መዝገብ አጠገብ አስቀምጬ ዝም ባልሁ ነበር። ግን አልቀረም። የእጅ ፓምፕ የሚተክል አንድ ድርጅት ጥልማን በዘንድሮው ዕቅዱ ይዟት ነበር። መድበላችሁን አነበበና (አንድ ሌላ አንባቢ እንዳላችሁ የሰማሁት ያኔ ነው፤ እሱም የመጀመሪያውን ጥናት ብቻ ነው ያነበበው) ጥልማን ሰረዛት። ተራዋም መኪና መንገድ ዳር ላለች መንደር ተሰጠ። ለእነሱም ይሁንላቸው፤ ውሃ ያገኘ ሰው አይጠላም። የድርጅቱን ኃላፊ ሄጄ ለመንሁት፣ የእህቴን ክንድ ነገርሁት። “እናቴ፣ አዝናለሁ፤ እኛ ከጥናት ውጪ አንሠራም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ተሳስቻለሁ ብሎ በማኅተም ይጻፍልኝና ነገውኑ እመልሳታለሁ” አለኝ። የቁፋሮ ማሽኑ የሚሄደው ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋ፣ ሰኔ ሳያልቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደዚህ ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ የምለምንዎ አዲስ ጥናት አይደለም፤ እባክዎ አዲስ ጥናት አይላኩብን። የምለምንዎ አንዲት መስመር ጽሑፍ ናት፤ “ስለ ጥልማ ውሃ ቅርበት የጻፍነው ስሕተት ነው” የምትል፣ ማኅተም ያረፈባት። ሦስት ሙያ የተረባረበበትን ነገር አንድ መስመር ታቃናዋለች።

የመንደሩም ሰው ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስቦ መክሯል። የንብም ይሁን የፍየል፣ የሙሾም ይሁን የምስጥ ተመራማሪ፣ የመጣ ሁሉ እንደ ወትሮው ይስተናገዳል፣ እግሩም ይታጠባል። መልስ የሚሰጠው ግን ምንጩ ላይ ነው። መጠየቅ የፈለገ ወርዶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ቀድቶ ይጠይቅ፤ ያኔ የማንዋሸው እኛ ብቻ ሳንሆን እግሩም ጭምር ነው። አባ ወልደ ሐዋርያት በዚህ ዕድሜያቸው ለእንግዳ “ቅርብ ነው” ማለታቸውን እንደማይተዉ ስለታወቀ፣ ከጎናቸው ቆሞ “ወርደህ እየው” የሚል ሰው ተመድቦላቸዋል። አባም ተስማምተዋል፤ “እኔ ላበርታው፣ እናንተ ንገሩት” ብለዋል።

እንግዲህ ሥራዎን አላስፈታዎት። ዕውቀታችሁ እንደ ጥልማ ሴቶች ሸክም እየከበደ ይሂድ፤ መድበሎቻችሁ እንደ ልባችሁ ይወፍሩ፤ እርስዎንም ከሹመት ወደ ሹመት፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ በሰላም ያስገባዎ፤ የሚጠጡት ውሃ ሁልጊዜ ከጠረጴዛዎ ላይ አይራቅ እያልሁ፣

ዕውቀታችሁን በሩቅ የምታከብር፣
ሰርካለም ምሳው
ከሰቆጣ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን እርስዎ ባያነቡት ሌላ ሰው እንዲያነበው ብዬ ለጋዜጣም ልልክ ፖስታውን ሳሽግ ሊድያ የምትባል ተመራማሪያችሁ ቤቴ ደረሰች። የመጣችው “የገጠር ነዋሪዎች ለተመራማሪ የተሳሳተ መልስ የሚሰጡበት ምክንያት” የሚል ጥናት ይዛ ነው። ደብዳቤውን እንደያዝሁ ጥልማ ወሰድኋት፤ አዲሱን ደንብ ነግረን ከዮርዳኖስ ጋር ምንጩ ድረስ ላክናት። ቀድታ ስትመለስ የአቀበቱ ወገብ ላይ ሳትደርስ ጀሪካኑን ጣለችው፤ አልሳቅንባትም፣ ትንሽ ብቻ ነው የሳቅነው። እላይ ከደረሰች በኋላ ቁጭ ብላ እስክሪብቶ ጠየቀችን። ጥያቄ ልትጠይቅ መስሎን ነበር። ከስሜ ሥር በገዛ እጇ “ውሃው ሩቅ ነው፤ ሄጄ አይቻለሁ” ብላ ጽፋ፣ ሙሉ ስሟንና የዩኒቨርሲቲውን ስም አኑራ ፈርማለች። እኔ ለክብሩ ብዬ የደበቅሁትን ስም እሷው ስለጻፈችው እኔን አይቀየሙኝ። ስለዚህ ጥናቱ ታርሟል፣ ምሁርም ፈርሞበታል፤ የቀረው ማኅተሙ ብቻ ነው። ማኅተሙ ያለበት መሳቢያ ከወንበርዎ ምን ያህል እንደሚርቅ እኛ አናውቅም፤ አላጠናነውም።