ዘጠኙ ቀን የእኔ ነው

ሀዋሳ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ሮማን፣

የማታ አስተማሪያችን እትዬ ሙሉ ደብዳቤ የሚጀመረው ጤና በመጠየቅ ነው ብለው አስተምረውናል። እንግዲህ ልጠይቅሽ፤ ለወግ ብዬ ግን አይደለም፣ መልስ እፈልጋለሁ። አፍሽ ውስጥ የወጣው ቁስል ዳነልሽ ወይ? እግርሽን የሚያደነዝዝሽ ነገርስ ተወሽ? እናትሽ የሚያፈሉልሽን አጥሚት ትጠጫለሽ ወይስ እንደኛ ቤት ዞር ሲሉልሽ ለድመቷ ትደፊላታለሽ? እኔ ደህና ነኝ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የምዋሽሽ ይህቺን ብቻ ነው።

ማን ጻፈለት እንዳትይ። እኔው ነኝ፣ ባልሽ ደምሴ፣ ፒያሳ ካሉት ፎቆች ግማሹን የገነባው ግንበኛ። ግማሹን ስልሽ የአንዱን ፎቅ ደረጃ ማለቴ ነው። በማታ ትምህርት ክፍላችን ሃያ ሦስት ሰዎች ነን፤ በእጅ ጽሕፈት ከእኔ የሚበልጡት ሃያ ብቻ ናቸው። መስመሬ በውሃ ልክ የተለካ ነው፤ የተንጋደደ ፊደል ካየሽ የተንጋደደው ወረቀቱ ነው።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ሦስት ጊዜ ስደውል እናትሽ እያነሱ «ተኝታለች» አሉኝ። በአራተኛው አንቺው አነሳሽው፤ እኔም የማስበውን ትቼ የጎረቤታችን አውራ ዶሮ የሠራውን ጉድ አወራሁልሽ። ሳትስቂ ዘጋሽው። አፌን ታውቂዋለሽ፣ ከእኔ ቀድሞ ይሮጣል። እጄ ግን ገና ተማሪ ነው፤ አንዷን ፊደል እስኪጨርስ ቀልዱ አልፎት ይሄዳል። ለዚህ ነው በጽሑፍ የመጣሁት።

ከአራተኛው የኬሞ ዙር በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ልብስሽን እያጣጠፍሽ፣ «በቃኝ ደምሴ፣ የቀሩት ሁለት ዙሮች ይቅሩብኝ፣ እናቴ ጋ ልረፍ» ስትዪኝ ድካም ነው ብዬ ነበር። መድኃኒቱ ስንት ቀን እንደሚጥልሽ አይቻለሁ። «ዕረፊ፣ ለቀጠሮሽ ትመለሻለሽ» አልኩሽ። አየሽኝና ልብስሽን ማጣጠፍ ቀጠልሽ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተሽም መስኮቱን አልከፈትሽም።

ባለፈው እሁድ የግቢያችን ኑሪያ ብርቱካን ይዛልሽ ይርጋለም መጥታ አልነበር? ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ ድረስ መጣችብኝ። ሲሚንቶ እያቦካሁ ነበር።

«ሮማን ምን አለችኝ መሰለህ?» አለችኝ። «ሐኪሞቹ የሚያውቁትን እኔም አውቄያለሁ አለች። ተስፋ ያለውን ሰው ቀን አያሳልፉበትም፣ እኔን ገፍተው የሚድነውን አስቀደሙ፣ ከዚያ ወዲህ መርፌውን የሚሰጡኝ ለይሉኝታ ነው አለች። አንተ፣ እውነት ሆስፒታሉ ቀኗን ገፍቶባታል እንዴ?»

የሲሚንቶው ውሃ ፈሶ ጫማዬ ውስጥ ሲገባ ነው የነቃሁት። እኔ ስንፍናም፣ ድካምም፣ የእናት ናፍቆትም ነው ብዬ አስቤ ነበር። አንቺ ግን ሞትሽን የተረዳሽ መስሎሽ ነው የሄድሽው። ያረዳሁሽ ደግሞ እኔ ነኝ።

ያን ዕለት ማታ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ። ሁለት ሙሉ ገጽ ስለ ግቢው ወሬ ሞላሁ። እትዬ ሙሉ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

«ምን ትጽፋለህ?»

«ደብዳቤ ነው፣ እትዬ። ለባለቤቴ። ስህተቱን ያርሙልኛል?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «የባልና ሚስት ደብዳቤ አላነብም። የፈራኸውን ነገር ጽፈኸዋል?»

«ገና ነኝ። እየዞርኩት ነው።»

«ከሱ ጀምር። ፊደሉን ብትስት እሷ ትረዳሃለች።»

ሁለቱን ገጽ ቀደድኳቸው። እንግዲህ ስሚኝ።

ሁለተኛውን ዙር የወሰድሽው ጥቅምት 18 ነበር። አንቺ አልጋው ላይ ተጋድመሽ መድኃኒቱ ይንጠባጠብልሻል፤ ሲስተር ቃልኪዳን የቀጠሮ ካርዱን ይዛ መጣች። የመጀመሪያ ጊዜ ቀኑን በቃሏ ነበር የነገረችን። ያን ቀንም «ጋሼ፣ ቀኑን ልንገርዎት?» አለችኝ። እኔ የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ገና አንድ ወር ቢሆነኝ ነው። ቁጥር አውቃለሁ፣ ከፊደሉም ጥቂት ለቅሜያለሁ። አጠገባችን የተቀመጡት አስታማሚዎች ሁሉ ያዩኛል። «የለም፣ እኛም እናነባለን» ብዬ ካርዱን ተቀበልኳት። 18 ይላል። ከጎኑ 11 የሚል አለ፤ እሱን የክፍል ቁጥር አደረግኩትና አለፍኩት። ዛሬ ጥቅምት 18፣ ቀጣዩ ኅዳር 18፣ ልክ በወሩ። ካርዱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሆስፒታሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደሚጽፍ፣ 11 ማለትም ወሩ እንደሆነ ማን ነግሮኝ? ማለቴ፣ ልትነግረኝ ያለችውን እኔ ዝም አሰኘኋት።

ኅዳር 10 ገደማ ይመስለኛል፣ «ሦስት ሳምንት አልሞላም እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ካርዱ 18 ይላል፣ እኔ ራሴ ነኝ ያነበብኩት» አልኩሽ። ሮማን፣ ያን ጊዜ ፊትሽን አየሁት። ስንት ቀን ሳትስቂ ከርመሽ ሳቅሽ። «አነበብክ? አንተ?» አልሽ። ካርዱን አሳየኝ እንኳ አላልሽም። ባልሽ አንብቦልሻል። ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬ ቢገባኝ ኖሮም ያን ሳቅ አጥፍቼ ማንን እጠይቅ ነበር?

ኅዳር 18 ሄድን። አንቺ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሽ፣ እኔ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ሲስተር ቃልኪዳን ካርዱን አይታ፣ «ጋሼ፣ የት ከርማችሁ ነው? ዘጠኝ ቀን አልፏችኋል። በእኛ ኅዳር 9 ነበር» አለችኝ። «ሁለት ጊዜ ደወልንልዎት፣ ስልክዎ ዝግ ነው።» ስልኬ ውሃ በርሜል ውስጥ ወድቃ ሳምንት ሙሉ ሩዝ ውስጥ ተኝታ የሰነበተችበት ጊዜ ነበር። «እባክሽ እሷ እንዳትሰማ» ብዬ ለመንኳት። እሷም፣ «እኔ አልነግራትም፣ እርስዎ ግን ይነግሯታል» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት ከዚያ መስኮት ለመሸሽ ነው።

ወደ አንቺ ስመለስ፣ «የእኔን ለምን ይህን ያህል አቆዩት አሉ?» አልሽኝ።

«ሰው በዝቶባቸው ነው። ያንቺን ገፍተው ሌላ አስቀድመው።»

«ማንን አስቀደሙ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሐኪሞቹ ያውቃሉ።»

በቃ፣ ውሸቴ ይህቺው ናት። አራት መስመር አትሞላም። እኔም ድነናል ብዬ ሻይ ላመጣልሽ ሄድኩ።

ሆስፒታሉ አልገፋሽም። ማንም ባንቺ ቦታ አልገባም። ዘጠኙ ቀን የእኔ ነው፤ ከሰው ፊት ማንበብ የሚችል መስዬ ለመታየት የወሰድኩት ነው።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ በሰው ተከብቤ ማጥፋቴ ነው። እስቲ አስቢው። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ የሽንኩርት ቁሌት ሽታ እንደሚያስመልስሽ ከእኔ ቀድማ ያየችው ኑሪያ ናት። አምስት ቤት ባለበት ግቢ ሽንኩርት እንዳይቁላላ ማድረግ የመንግሥት ሥራ ነው። እሷ ግን በየበሩ እየዞረች፣ «ሮማን መድኃኒት ከወሰደችበት ቀን ጀምሮ አራት ቀን ሽንኩርት የሚያምረው ምድጃውን ተሸክሞ ከአጥር ውጭ ይውጣ። አራት ቀን ሽንኩርት አጥቶ የሞተ የለም» አለች። ያጉረመረመ አልነበረም። ሥራ ቦታ አዋጁን ያወጣሁት እኔ ነኝ ብዬ አውርቻለሁ፤ ይኸው ይህንንም ተናዘዝኩ። ጸጉርሽ ሲረግፍ ሻሿን አምጥታ አስተሳሰሩን ያሳየችሽ እሷው ናት። እሁድ ቸርች ስንገባ የኳየሯ ሜሮን ጠጋ ብላ «ሮማን ሰለመች እንዴ?» ስትለኝ፣ «አይ፣ አማረባት» አልኳት። በሳምንቱ ሜሮን ራሷ ሁለት ሻሽ ገዝታ መጣችልሽ። ጌታቸውስ? ሆስፒታል በዋልኩ ቁጥር የእኔን ግድግዳ ሲገነባ ውሎ የመጨረሻዋን አንድ መስመር ብሎኬት ብቻ ይተውልኛል፤ ወደ ማምሻው ደርሼ እሷን ስደረድር፣ «ደምሴ ግድግዳውን ጨረሰው» ብሎ ለፎርማኑ ይናገርልኛል።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱን «ይህቺን ካርድ እይልኝ» ብል ምን ነበረበት? ጉዳዩን በመጨረሻ ለኑሪያ ነገርኳት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። «ካርዱን ብታሳየኝ ምን ይቀንስብህ ነበር? ቁመትህ? እሱ እንደሆን ድሮም የለህ» አለችኝ። ቀጥላ ግን እንባዋ መጣ። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእሷ ንገራት። ስታለቅስ ነው የዋለችው» አለች።

ማክሰኞ ሆስፒታል ሄድኩ፣ ብቻዬን። ሲስተር ቃልኪዳንን፣ «ዘጠኙ ቀን ጎዳት ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት። ይህን ጥያቄ ከኅዳር ጀምሮ ይዤው ነበር።

«ጋሼ፣ ምንም አላደረጋትም ብዬ አልዋሽዎትም፣ ጎድቷታልም አልልዎትም። ያንን ዶክተሩም አረጋግጦ ሊነግርዎት አይችልም» አለችኝ። «እኛን የሚያስፈራን ማቋረጧ ነው። ያለፈው ቀን አይመለስም፤ የቀሩትን ሁለት ዙሮች ግን መጨረስ ትችላለች።»

«ተስፋ ቆርጣችሁባታል እንዴ?»

የሐሙሱን መዝገብ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ገለጠችልኝ። «ራስዎ ይፈልጓት።»

በጣቴ ወረድኩ። አንደኛው የወንድ ስም ነው። ሁለተኛውን ሳነብ ብዙ ቆየሁ፣ ጽሕፈቷ የሐኪም ነው። ሦስተኛው ላይ ሮ፣ ከዚያ ማ፣ ከዚያ ን። ቀጥሎ የአባትሽ ስም። ከጎኑ በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር ተጽፏል፤ የእኛው ታኅሣሥ 30፣ ሐሙስ። እንደኔ ላለው ሰው ብላ ሁለቱንም ነው የምትጽፈው አሁን። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ብዙ ስም አንብቤያለሁ፤ ጣቴ ከመስመሩ አልነሳ ብሎኝ የቆመው ግን ያንቺ ላይ ነው። ቦታሽ አለ። ማንም አልተካሽም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ነይ ብዬ ላዝሽ አይደለም። መርፌው የሚወጋው አንቺን ነው፤ ማስመለሱም፣ እግር ማደንዘዙም ያንቺ ነው፤ እኔ ባልዲ ከመያዝ ያለፈ የተሸከምኩልሽ የለም። አውቀሽ «በቃኝ» ብትዪ ሰምቼ ዝም እላለሁ፤ ዝም ማለት ባልችልም እለምደዋለሁ። ግን በእኔ ውሸት ላይ ቆመሽ እንዳትወስኚ። ሐኪሞቹ ትተውኛል ብለሽ ከሆነ የተኛሽው፣ አልተውሽም። ባልሽ ነው ካርድ ያላነበበው።

ይህን ደብዳቤ የኑሪያ ወንድም በሚኒባሱ ያደርስልሻል። እኔ ረቡዕ፣ ገና ዕለት፣ ስምንት ሰዓት ላይ ይርጋለም መናኸሪያ እደርሳለሁ። ቤት ድረስ አልመጣም። እናትሽ ፊት ይቅርታ ብጠይቅሽ ለእሳቸው ስትዪ «እሺ» ትዪኛለሽ፣ እንዲያ ያለ እሺ አልፈልግም። የሀዋሳው የመጨረሻ ሚኒባስ እስኪወጣ እዚያው እቆማለሁ። ከመጣሽ ንዴትሽን አምቀሽ እንዳትመጪ፣ ሙሉውን ይዘሽው ነይ። መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ስድብሽ በዚያ ካላለቀልሽ ሐሙስ መድኃኒቱ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ግማሽ ቀን አጠገብሽ እቀመጣለሁ፣ ቀሪውን እዚያ ትጨርሺብኛለሽ። መልስ አልሰጥም። የመስኮቱን በኩል ወንበር ይዤልሽ አፌን ዘግቼ እጠብቃለሁ።

የሚወድሽ ባልሽ፣
ደምሴ