የአባባ ቋጠሮ

ለምወድህ ወንድሜ ለሎሬንስ፣

እንደምን ከርመሃል? ባዝል ያለው ዳቦ ቤትህስ? እኛ ሰዉም ከብቱም ደህና ነን፤ ተራራችን ሞንቴ ሮዛም በረዶውን ለብሶ እንደቆመ ነው።

ዕድሜውን ሙሉ ተራራ ወጪዎችን ሲመራ፣ ገመድ ሲቋጥር የኖረው አባባ፣ ሰሞኑን ላሚቷን ገበያ አስሮ ዞር ሲል ቋጠሮው ተፈታና ቀድማው ቤት ገባች። መንደሩ ሲስቅበት፣ «ሌባ ላም ናት!» አለ። ጫማውንም አሁን የምታስርለት እማማ ናት።

ቅዳሜ መሪ ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተራራውን እወጣለሁ። እንደ ወጋችን ከገደል የሚያተርፈኝን ገመድ ወገቤ ላይ የሚቋጥርልኝ አባባ ነው፤ ሌላ እጅ አይነካውም። «እኔው ላጥብቀው» ስለው፣ «እንደዚያ ፈሪ ወንድምህ ሂድና ሊጥ አቡካ!» ብሎ አምባረቀብኝ።

ሁለቱም ሰላም ብለውሃል። በመንደሩ የሞተ ሰው የለም፤ እማማ ግን የለቅሶ ቀሚሷን አጥባ አስጥታለች።

ወንድምህ ካስፓር