የከርዊን ሂቢስከስ

ሰኞ፣ ጁን 5
ጠዋት የአበባ አጥሩን ከረከምኩ። ሂቢስከስ ካልተከረከመ ቁመት ብቻ ነው፣ አበባ ይሰስታል። ፀሐይ ይወዳል፣ ውሃም ይወዳል፤ ሥሩ ላይ ውሃ ከተኛ ግን ያኮርፋል። የልጄን የከርዊንን ዛፍ አልነካሁም። እትብቱን ከሥሯ ስቀብር እርሳስ የምታክል ቅርንጫፍ ነበረች... አሁን ጣሪያውን ልታልፍ ነው። እሱም ትናንት ሙዝ ጭኖ ወደ ትሪኒዳድ ተጓዘ። ከነጓደኞቹ፣ በዚያች አሮጌ ጀልባ።

አርብ፣ ጁን 9
ጎረቤቴ አልዊን በአጥር በኩል ጠራኝ።
«ኡና፣ አበባሽ ላይ ጥጥ አሰጣሽ እንዴ?»
ሳቅኩ። ሄጄ ሳይ ግን ቅጠሉ ተጨማዷል፣ ጫፉ ነጭ ለብሷል። ሲነኩት ያጣብቃል። በሳሙና ውሃ አጠብኩት።

ማክሰኞ፣ ጁን 13
ተመልሶ መጣ። የአልዊንም አጥር ነጭ ሆኗል። ሬዲዮው «ቁረጡ፣ እዚያው አቃጥሉ፣ አንዲት ቅርንጫፍ ከግቢ እንዳትወጣ» ይላል። ነጩ ተባይ የኮኮዋ ተክልም አይምርም አሉ።
ከርዊን አልደወለም።

ረቡዕ፣ ጁን 14
ባሕሩ ከፍቷል። የእትብት ዛፍ ከተጎዳ ባለቤቱም ይጎዳል ትል ነበር እናቴ። እትብቱ ያለበትን ዛፍ ላቃጥል? ልጄ ውሃ ላይ እያለ? እንዴት አድርጌ...

አርብ፣ ጁን 16
የግብርና ሰዎች መጡ። አንዷ ልጅ እግር ናት።
«እናቴ፣ ይቺም መቆረጥ አለባት።»
«ይቺ የልጄ ናት።»
ወዲያው ገባት። አንገቷን ደፋች። «የእኔም እትብት ማንጎ ሥር ነው። ግን ምን ላድርግ፣ ታዝዣለሁ።» ነገ እንመለሳለን ብለው ሄዱ።
እነሱ እንደወጡ ንጹሕ የሚመስሉ ሦስት ቅርንጫፎች ቆረጥኩ። ቅጠላቸውን አርግፌ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በአውቶቡስ ተራራው ላይ ወዳለችው እህቴ ወደ ቬርና ወሰድኳቸው። እዚያ ተባዩ አልደረሰም። ከኮኮዋዋ ዳር ተከልናቸው።
«ንጹሕ ነው አይደል?» አለች።
«ንጹሕ ነው» አልኳት።
ከዚያ ኮኮዋ ሌላ ምን አላት? ምንም። ግን ልጄስ?

ቅዳሜ፣ ጁን 17
ተቃጠለች። ወጥቼ አላየሁም። ጭሱ ግን ቤት ድረስ ገባ።

እሑድ፣ ጁላይ 2
ደወለ! ሞተራቸው ተበላሽቶ ወደብ ላይ ተጎልተው ነው የከረሙት። «እማ፣ ምን ያስለቅስሻል? ደህና ነኝ እኮ» ይላል። ለቬርና ነገርኳት። ቅርንጫፎቹ ቡቃያ አውጥተዋል አለችኝ። ልክ ነበርኩ ማለት ነው... እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

ሐሙስ፣ ጁላይ 20
ቬርና ደወለች።
«ኡና... ጥጥ ይመስላል ነው ያልሽው?»
ቅርንጫፎቹን አሁኑኑ አቃጥዪ አልኳት። ቀድማ አቃጥላቸዋለች። የምታወራው ነጩ ስለያዘው ኮኮዋዋ ነው።

እሑድ፣ ኦገስት 6
ከርዊን ትናንት ገባ። ከስቷል፣ ጤናው ግን ሙሉ ነው። ዛሬ አክስቴን ላግዝ ብሎ አብሮኝ ወጣ። ኮኮዋው ከዳር እስከ ዳር ሲቆረጥ ዋለ። አባታችን የተከላቸው ሳይቀሩ።
ላቡን እየጠረገ «እማ፣ ይሄ መዓት እዚህ ተራራ ድረስ በምን መጣ?» አለኝ።
ቬርና ቆንጨራዋን አቁማ አየችኝ። ጠበቀችኝ። ቅርንጫፍ አንስቼ ወደ እሳቱ ሄድኩ።
«ነፋስ ይሆናላ» አለችው እሷው።
ምሳ ሲደርስ ከዛፍ ያወረደችውን ዳቦ ፍሬ በኮኮናት ወተት ቀቅላ ለከርዊን አቀረበችለት። ለራሷም አወጣች። ለእኔ ሳህን አላመጣችም።