ያልተበሳው ግድግዳ

ታድዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ባለፈው ሰኔ ቀብረንህ ስንመለስ ዝናብ ነበር፤ አሁን ግንቦት ነው፣ የአዳማ ሙቀት አናት ይበሳል። «ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምርልህ ነበር፤ ግን አንተን ዋሽቼህ አላውቅም። አንገሽግሾኛል። እህል አፌ ላይ አልጥም ብሎኛል፤ የወንድምህን የሽመልስን ስም ሲጠሩ ተነስቼ እወጣለሁ። ለማን ልንገር ብዬ ሳስብ አንተ ነህ የመጣህብኝ።

ከዚያ በፊት የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጅህ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እየጨረሰች ነው፤ እንደ አንተ ስታጠና እግሯን ታወዛውዛለች። የተከልከው ኒም አድጎ ከሰዓት በኋላ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ያጠላልናል። ሥራችንም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አድጎ ነበር። ስንጀምር «ኮርኒስ ሠሪዎቹ» ነበር የምንባለው፤ በኋላ ቤት ማቀዝቀዝ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ከመቂና ከሞጆ ድረስ ይደወልልን ነበር። ኤሲ ከመግዛቱ በፊት «እስቲ መጥታችሁ ጣሪያዬን እዩልኝ» የሚል ደንበኛ አፍርተን ነበር። ዘዴው ያው ያንተው ነው፤ ከቆርቆሮው ሥር የሚያብረቀርቀውን ፎይል መዘርጋት፣ ግድግዳውን ከኮርኒሱ ዝቅ ብሎ በሁለት በኩል በስቶ ወንፊት መግጠም፣ ትኩሱ አየር እንዲወጣ። አንተ ካለፍክ በኋላ እኔ ደንበኛውንና ዕቃውን ያዝኩ፤ ሽመልስ ሠራተኞቹን።

ሰዋችንን ደግሞ ታውቀዋለህ። በሙቀት እየነፈረ «ነፋስ ይመታኛል» ብሎ መስኮት የሚዘጋ ሰው ነው። በስንት ድካም የበሳነውን ቀዳዳ በሳምንቱ ስንመለስ በፌስታል፣ በካልሲ፣ አንዴማ በሕፃን ሱሪ ተጠቅጥቆ እናገኘው ነበር። አንተ አትቆጣም። ወንበር ላይ ወጥተህ ትነቅለውና የቤቱን ሰው እጁን አስዘርግተህ አየሩ ሲሄድ ታስነካዋለህ። ግን ከመቂ ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ላብ በላብ ሆነን፣ ከሁሉ ቀድመህ መስኮቱን የምትዘጋው አንተ ራስህ ነበርክ፣ ፎጣህን አንገትህ ላይ ጠምጥመህ። ስስቅብህ «ሥራ ሌላ፣ አንገቴ ሌላ» አልከኝ። እሱን ሳስታውስ ዛሬም ብቻዬን እስቃለሁ።

አሁን ወደሚያስጠላው ልምጣ። ከፋሲካ በኋላ ሽመልስ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ብዙ የማይርቅ የአንድ የኪራይ ግቢ ክፍሎችን የማቀዝቀዝ ሥራ ሠራ። ተከራዮቹ ሌሊት ልብስ ሲሰፉ አድረው ቀን የሚተኙ የፋብሪካ ልጆች ናቸው። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮ ሥር መተኛት ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። እንደ ልማድህ ከሳምንት በኋላ ልጎበኝ ሄድኩ። ክፍል በክፍል ዞርኩ፤ አንድም የተጠቀጠቀ ወንፊት የለም። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሰዉ ገባው፣ ምነው ታዴ ይህን ባየ ብዬ እንባዬ መጣ።

ጫልቱ የምትባል ተከራይ ፍራሿን በር ላይ አውጥታ ተጋድማለች። ስታየኝ ተነስታ «አካም ቡልተን» አለችኝ፣ በጠራራ ፀሐይ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው፤ ለሷ ሌሊቱ ያኔ ነዋ። ፊቷ በላብ ረጥቧል። «እትዬ፣ ወንፊቱስ ያምራል፤ ግን ምንም አይነፍስበትም። ምናልባት እኛ አጠቃቀሙን አላወቅንበትም ይሆን?» ስትል ጠየቀችኝ። አልጋዋ ላይ ወጥቼ እጄን ዘረጋሁ። ምንም። በካቻቢቴ ብሎኑን ፈታሁት። ከወንፊቱ ጀርባ ብሎኬቱ እንዳለ ነው፣ ቀለሙን እንደተቀባ። የቀሩትም ክፍሎች እንደዚያው። ግድግዳውን ሳይበሱ ወንፊት ለጥፈውበት ሄደዋል! ኮርኒሱን ገፋ አድርጌ ሳይ ፎይሉም አንገት አስገብቶ ለሚያይ ሰው እንዲታይ ያህል ብቻ ተዘርግቷል። ባለግቢው ግን «ቀዝቃዛ ክፍል» ብሎ ኪራይ ጨምሮባቸዋል።

ሽመልስን ያዝኩት። አላፈረም። «ያው ሊጠቀጥቁት አይደል እንዴ? ምን አደከመኝ! ደሞ የታደሰ ሥራ ነው ከተባለ ማን ይጠረጥራል?» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቁ ነው የቀፈፈኝ። አንተ ወንበር ላይ እየወጣህ ስታስረዳ የኖርክበትን ነገር ማጭበርበሪያ አደረገው፤ ልጅቷ ደግሞ ጥፋቱ የራሷ መስሏት ትጨነቃለች።

ከዚያ እውነቱን እናገራለሁ ማለቴን ሰምተው ዘመዶችህ ተሰብስበው መጡ። የቤተሰብ ገመና አይወጣም አሉ። ባቱ ላይ የአንድ ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ ሥራ አግኝተን ነበር፤ እሱ እንዳይበላሽ «በታደሰ አጥንት ይዘንሻል፣ ዝም በይ» አሉኝ። በአንተ አጥንት፣ ታድዬ! እንድዋሽ! ሁሉም አስጠሉኝ፤ እነሱ ቀርተው የጠጡበትን ብርጭቆ መንካት ቀፈፈኝ።

በማግስቱ ለባቱው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ደውዬ እውነቱን ነገርኩት። ሥራውን ነጠቀን፤ ወሬውም ተዛምቶ ከሌሎች ደንበኞችም የሚደውልልኝ ጠፋ። ከሽመልስ ጋርም ተለያየን። ድሪሉን ይዤ ወደዚያ ግቢ ተመለስኩ። ባለግቢው «ግድግዳዬን!» ብሎ ሲጮህ ጫልቱና ጓደኞቿ በሩ ላይ ተደርድረው ቆሙ፤ እሱም እያጉረመረመ ሄደ። ክፍሎቹን አንድ በአንድ በሳሁ። አቧራው ፀጉሬን አመድ አስመሰለው። የጫልቱን ክፍል ስጨርስ እጇን አስዘረጋኋት። ፈገግ አለች፤ ዕቃዬን ሰብስቤ ሳልወጣ እንቅልፍ ወሰዳት።

አሁን ዘመዶችህ ለሙት ዓመትህ እኔ ቤት እንደማይመጡ ልከውብኛል። ቤቱ ባዶ ይሆናል ብለው ነው የሚያስፈራሩኝ። ይሁን። ሥራውን እንደገና ከአንድ ክፍል እጀምረዋለሁ፤ ዝክርህን እኔና ልጅህ እንዘክርልሃለን። እስካለሁ ድረስ አስብሃለሁ። በስምህ የሚዋሽ ግን፣ ወንድምህም ቢሆን፣ ደጄን አይረግጥም።

ያንተው ሙሉ