ከመንኮራኩሩ ወሬ የቀረው

ሶዶ፣ ሐሙስ

ይድረስ ለእማዬ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ያ የወገብ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም የጨርቅ ጣቃ ስታነሺ ይይዝሻል? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ሶዶ ዝናቡ ገብቷል፤ ዳሞታ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሶ ነው የሚውለው። እናንተ ጋ ግን ፀሐዩ ገና እንደሚያቃጥል ሹፌሩ ፍቅሬ ነግሮኛል።

ከሶዶ እስከ ተበላ ከተማ ስንት መንገድ ሆኖ ነው ደብዳቤ የምትጽፈው፣ ስልኳ ምን ነካው ትያለሽ። ስልክ ላይ ድምፄን ከሰማሽ «ምን ሆነሻል?» ማለትሽ አይቀርም፤ እኔ ደግሞ አንቺን መዋሸት አልችልበትም። በጽሑፍ ይሻለኛል። ነገ ፍቅሬ የሚኒባሱን የመጨረሻ ጉዞ ሲጨርስ፣ ሱቁን ከዘጋሽ በኋላ፣ ቤት ድረስ መጥቶ በእጅሽ እንዲሰጥሽ ነግሬዋለሁ። ተቀምጠሽ አንብቢው። መነጽርሽንም አድርጊ፤ ያለ መነጽር አነባለሁ ብለሽ እንደ ልማድሽ ግማሹን ከራስሽ እንዳትሞዪው።

ከሥራዬ ልጀምርልሽ። «የሰው አገር ደመና ስትቆጥሪ ዋልሽ?» እያልሽ ትስቂብኝ የለ፤ ሰሞኑንም ስቆጥር ነው የከረምኩት። ቬነስ ማለት ያቺ ሱቅ ስንዘጋ በምዕራብ በኩል ታሳዪኝ የነበረችው ትልቋ ኮከብ ናት። ኮከብ እንኳ አይደለችም፤ እንደኛዋ ምድር ድንጋይ ናት፣ በትልቅነትም እኩያችን ናት ማለት ይቻላል። ግን ዙሪያዋን በወፍራም ደመና ተሸፍናለች። አየሯ ከባድ ስለሆነ የገባ ሙቀት አይወጣም፤ መሬቷ እንደ ምድጃ ይፋጃል። የደመናዋ ጠብታ ደግሞ ውኃ ሳይሆን የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ዓይነት አሲድ ነው። ይዘንባል፣ ዝናቡ ግን መሬት ሳይደርስ በመንገድ ላይ ተንኖ ይቀራል። ይህን ስነግርሽ ምንም አልገረመሽም። «ይሄማ ተበላም አለ፤ አባያ ሐይቅ ላይ ሲወርድ ይታያል፣ እኛ ጋ አይደርስም» ነበር ያልሽኝ። ተማሪዎቼን አሁንም አንቺን ጠቅሼ አስቃቸዋለሁ።

የእኔ ድርሻ በዚያ ደመና ላይ የሚነፍሰውን ነፋስ መለካት ነው። ጃፓኖች ወደ ቬነስ የላኩት መንኮራኩር ያነሳቸው ፎቶዎች ለፈለገ ተመራማሪ ሁሉ ክፍት ናቸው። አንዱን የደመና ቁራጭ እይዝና በሚቀጥለው ፎቶ ላይ የት እንደደረሰ እፈልገዋለሁ፤ የሄደበትን ርቀት ካወቅሁ የነፋሱ ፍጥነት ይወጣልኛል። ነፋሱ ደመናውን በአራት ቀን ገደማ ፕላኔቷን ሙሉ ያዞረዋል። ከሥር ያለችው ፕላኔት ራሷ ግን አንዴ ለመዞር ስምንት ወር ይፈጅባታል። ምን እንዲህ እንደሚያስሮጠው እስካሁን በደንብ አልታወቀም። ሥራው አንቺ ከጣቃ ላይ የተበጠሰ ክር ስትፈልጊ ከምታደርጊው ብዙም አይለይም፤ ዓይንና ትዕግሥት ይፈልጋል። የምሠራበት ላፕቶፕ ይስሐቅ ከደቡብ አፍሪካ በሰው እጅ የላከልኝ ነው። ክዳኑ ላይ የሚደግፈውን ቡድን ምልክት ለጥፎበት ነበር የመጣው፤ አላነሳሁትም።

ያንን መንኮራኩር መቼም አትረሺውም። የይስሐቅ ስልክ መጥራት ባቆመ ሰሞን፣ እህል አልቀምስም ብለሽ ተኝተሽ፣ አልጋሽ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነበር የነገርኩሽ። መጀመሪያ ቬነስ ጋ ሲደርስ ሞተሩ ተበላሽቶ አልፏት ሄደ። ብዙ ሰው በቃ ጠፋ አለ። አምስት ዓመት ፀሐይን ሲዞር ከረመና በተረፉት ትንንሽ ሞተሮች ተመልሶ ገባ። ይህን ስትሰሚ ተነስተሽ በላሽ። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ይስሐቅ የጠየቀሽ ሁሉ ይህንኑ ይሰማል፤ ሻሽ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ እንኳ «የጃፓኖቹ በአምስት ዓመቱ ተመልሷል፣ የኔ ልጅ ከጠፋ ገና ሁለት ዓመቱ ነው» ተብሎ ይሸኛል። ክፍሉንም በየሳምንቱ ትጠርጊያለሽ። አከራዪው ያለሽን ሰው ታኮርፊያለሽ።

እማዬ፣ የነገርኩሽ እውነት ነው። ግን ሙሉ አልነበረም። እኔ ያንን ሳወራሽ መንኮራኩሩ እንደገና ዝም ብሎ ነበር። ሰዎቹ ገና እየጠሩት ስለነበር፣ አንቺም አንዴ ጎርሰሽ ስለነበር፣ የቀረውን ዋጥኩት።

የቀረው እንዲህ ነው። ቬነስ ጋ ከገባ በኋላ ከስምንት ዓመት በላይ ሲሠራ ቆየ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ሰዎቹ ከአንድ ዓመት በላይ ጠሩት፤ አንቺ የይስሐቅን ቁጥር ማታ ማታ እንደምትሞክሪው ማለት ነው። መልስ የለም። በመጨረሻ ተቀምጠው ተመካከሩና አበቃ ብለው በይፋ ተናገሩ። ዜናውን ያነበብኩ ቀን ቢሮ ውስጥ እንባዬ መጣ። ከጎኔ የሚቀመጠው መምህር፣ ጩማ፣ «ለብረት ነው የምታለቅሺው?» አለኝ።

ሥራው ግን አልቆመም፤ ዝም ከማለቱ በፊት የላከው ሁሉ እጃችን ላይ አለ። እኔም ሶዶ ተቀምጬ ሌላ ሰው ያላየውን ነገር እያገኘሁበት ነው፤ ገና ብዙ ዓመት ያሠራናል።

ዛሬ ጠዋት ጋሼ ኃይለየሱስ ቢሮዬ መጣ። ወንድምሽን ታውቂዋለሽ፤ ከልብስ ስፌት መኪናው ተነስቶ የትም አይሄድም፣ የዩኒቨርሲቲውን ግቢ ረግጦም አያውቅ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠና ስክሪኑ ላይ የሚታየው ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ጠየቀኝ፣ ያንኑ ነገርኩት። ጩማ ነገሩ ገብቶት ወጣልን። ጋሼ ስለ ደመና ይህን ያህል ሰምቶ አያውቅም፤ እኔም ማስረዳቴን ማቆም ፈራሁ። ካቆምኩ የመጣበትን እንደሚናገር አውቄ ነበር።

ትናንት ማታ ከጆሃንስበርግ አድነው ደውሎለት ነው የመጣው። አድነው ያ ይስሐቅን ሲያፈላልግልን የከረመው የአረካው ልጅ ነው። ያለውን ጋሼ ቅዳሜ ራሱ ይነግርሻል። ለአንቺ እንዳልደውል አስምሎኛል፤ አልደወልኩም። ስለ ደብዳቤ ግን አላነሳም፣ እኔም አላስታወስኩትም።

ከሰዓት ላፕቶፑን አልከፈትኩትም። ክዳኑን ሳይ ዋልኩ። ናፈቀኝ እማዬ፣ በጣም ናፈቀኝ።

አባዬ ያረፈ ጊዜ የሆነው ከልቤ አልወጣም። ሬሳው ከአዲስ አበባ እየመጣ፣ ተበላ በሙሉ ሰምቶ፣ አንቺ ብቻ ሳትሰሚ ቢጫ ቀሚስሽን ለብሰሽ ሱቅ ከፍተሽ ዋልሽ። ሴቶቹ እየተከታተሉ ጥቁር ሻሽና ጥቁር ጨርቅ ይገዙሻል፤ አንቺም እየለካሽ እየቆረጥሽ «ዛሬስ ጥቁር ምን ነካው?» ትያቸዋለሽ። ለራስሽ ለቅሶ ነበር የሚገዙሽ። በክፋት አልነበረም፤ መርዶ ነጋሪዎቹ እስኪሰበሰቡ ነበር የተጠበቀው። አንቺን ግን ይኸው እስከ ዛሬ የሚያንገበግብሽ ያ ነው። ከተዝካሩ ማግስት እጄን ይዘሽ «ሁለተኛ የመጨረሻዋ ሰሚ እንዳታደርጉኝ፤ ሌላው ቢቀር አንቺ» አልሽኝ። እሺ ብዬሻለሁ።

ቅዳሜ ማለዳ እንመጣለን። ጋሼ አለ፣ እህትሽ እትዬ ጣፈጠች አለች፣ ከአረካም ዘመዶች ይመጣሉ፤ የንስሐ አባትሽ አባ ወልደመስቀልም አብረውን ናቸው። ሲገቡ ደብዳቤ ደርሶኛል አትበያቸው። ጋሼ ይከፋዋል፤ እሱም ጭንቅ ሆኖበት ነው። እኔ ከኋላቸው እቆማለሁ፣ እኔን እዪ። ይህ በሚደርስሽ ማታ ጎረቤትሽ አገርነሽ መጥታ ካንቺ ጋ ታድራለች። እማዬን ወገቧን አሟታል፣ ብቻዋን አትደር ብያታለሁ እንጂ ሌላ አልነገርኳትም። ፍቅሬም የያዘው ምን እንደሆነ አያውቅም። ይህን ስታነቢ ተበላ ውስጥ ካንቺ ቀድሞ የሰማ አንድም ሰው የለም።

እግዚአብሔር ጉልበት ይስጥሽ። እመቤቴ ከአጠገብሽ አትለይ፤ ዕድሜሽን ለእኔ ታቆይልኝ።

ቅዳሜ ሱቁን አትክፈቺ።

ያለሁልሽ ልጅሽ