ለነጫጭ ዲስኮችህ የሚሆን ቀለም

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል የኔ ጌታ? እንቅልፍህስ? የምግብ ፍላጎትህስ እንዴት ነው? ያቺ የተጎዳች እግርህስ? እሷን ለብቻዋ ሰላም በልልኝ፤ ተኳርፋችሁም ከሆነ ታረቁ። እማዬን ወገቧን ተሻላት? አባዬስ አሁንም ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያንቀላፋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ብርዱም ሥራውም አልረታኝም፤ እንዲያውም ፊትሽ ሞላ ብሏል ይሉኛል።

መልእክትህ የደረሰኝ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ አንሶላ ስተኩስ ነው። «እትዬ፣ ፎቶው ላይ የያዝሽው ባለ ቀለም ዲስክ እንዴት ነው የሚሠራው? እኔ ጋ ነጫጭ አሉ» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። አንተ ትልቅ ነገር የጻፍክ አይመስልህም ይሆናል። እኔ ግን ካውያውን ረስቼ የሰው አንሶላ ላቃጥል ነበር። ሞተር ብስክሌቱ ከገጨህና ሐኪሙ ኳስ በቃህ ካለህ ወዲህ አንድም ነገር ጠይቀኸኝ አታውቅም። መልስህ ሁሉ «ደህና ነኝ» ነው። እማዬ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነግራኛለች፤ ጓደኞችህ ሲመጡ «ተኝቷል በሏቸው» እንደምትል፣ አሠልጣኝህ ያመጣልህንም የሚወረወሩ ዲስኮች አልጋ ሥር እንደከተትካቸው። አትቆጣት። እናት አይደለች? ሆዷ አልችል ቢላት ነው።

እንግዲህ ከጠየቅከኝ አይቀር ከሥሩ ልንገርህ።

ከሥራ ወደ ቤቴ የምሄደው በአንድ መናፈሻ በኩል ነው። ሰዎች እዚያ እንደ ሳህን ክብ የሆነ የፕላስቲክ ዲስክ እየወረወሩ፣ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ ለማግባት ሲጫወቱ አያለሁ። እኔ የማንንም ቀልብ ሳልስብ አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ካባራ በኋላ ቁጥቋጦ ውስጥ አንዲት ዲስክ አየሁ። ብርቱካናማና ወይን ጠጅ ቀለም ተጠላልፎባት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ያለውን ሰማይ ትመስላለች። ጠርዟ ተሰንጥቋል። ጀርባዋ ላይ ስልክ ቁጥር ተጽፏል። ደወልኩ። ያነሳችው ሴት «አገኘሻት?» ብላ ጮኸች። ከዚያ ስታለቅስ ሰማኋት።

ልትወስዳት ስትመጣ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የጠዋቷ አውቶቡስ ሾፌር! ያቺ በየቀኑ «እንደምን አደርሽ» ስላት አገጯን ብቻ የምትነቀንቅልኝ፣ እኔም በሆዴ «ኮስታራዋ» ያልኳት። ዲስኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ያቀለመላት ባሏ እንደነበረና ከሞተ ወዲህ ከዚህች ሌላ ወርውራ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ስንጥቁን በጣቷ ስትዳስስ «ከእንግዲህ ብትወረወር ለሁለት ትከፈላለች፤ እኔም በቃኝ» አለች። አንጀቴን በላችው። ወንድምዓለም፣ ያን «በቃኝ» የሚል ድምፅ እማዬ ስልኩን ስትሰጥህ ካንተም ሰምቼዋለሁ።

በዚያው ሰሞን አንዲት አዲስ ነጭ ዲስክና አንድ ብልቃጥ ቀለም ገዛሁ። ሳልጠይቅ፣ ሳላነብ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ቀለሙን በድስት አፍልቼ ዲስኳን ብከታት እንደ ደረቀ ቆዳ ተጣሞ የወጣ ነገር አገኘሁ። ቀለሙም ቢሆን የጥጥ ልብስ ቀለም ኖሮ፣ በሳሙና ሳጥባት ሙልጭ ብሎ ሄደ። ፕላስቲኳ ላይ አልያዘም፤ እጄ ላይ ግን ያዘ! በማግስቱ ሰማያዊ እጅ ይዤ ነጭ አንሶላ ላጥፍ ስገባ አለቃችን አይታኝ፣ «አንቺ ዛሬ ምንም ነገር እንዳትነኪ» ብላ በር ላይ አስቆመችኝ። ቀኑን ሙሉ ወለል ስጠርግ ዋልኩ።

አንተ በኔ ተማር። ዲስኮችህን አንድ በአንድ ወደ አምፑል አቅርባቸው። ብርሃን በመጠኑ የሚያሳልፈው፣ ጠንከር ብሎ ፊቱ ልሙጥ የሆነው ፕላስቲክ ቀለም ይጠጣል፤ እንደ ጠመኔ ደብዛዛ የሆነው እምቢተኛ ነው። በፈሳሽ ሳሙና እጠብና አድርቅ፣ ከዚያ ፊቷን በአልኮል ወልውላት። ከዚህ በኋላ ፊቷን በጣትህ እንዳትነካ፤ የእጅ ቅባት ያረፈበት ቦታ ላይ ቀለም አይገባም። ጓንት አድርግ፤ እጄን አስታውስ። መስኮቱን ክፈት፤ የቀለሙን ዱቄት በውሃ ስትበጠብጥም አፍንጫህን በማስክ ሸፍን። የእማዬን ዕቃ ደግሞ እንዳትነካ! ቀለም የነካው ሳህን ሁለተኛ ምግብ አይቀርብበትም። አሮጌ ትሪ ፈልግ። ቀለሙን የምትሰጥህ ከዚህ የምትመጣ አንዲት ነርስ ናት። ለፖሊስተርና ለናይለን ጨርቅ የሚሆነውን ነው የላክሁት፤ ፕላስቲክም የሚወደው እሱን ነው።

መላው ቀላል ነው። ትሪው ላይ የጺም መላጫ አረፋ በደንብ ነፍተህ እንደ ኬክ ክሬም አስተካክለው። አባዬ ጺሙን መላጨት ከተወ ወዲህ የተቀመጠች ቆርቆሮ አትጠፋም፤ አስፈቅደህ ውሰድ። ቀለሙን አረፋው ላይ ጠብ ጠብ አድርግና በስቴኪኒ በቀስታ ሳብ ሳብ አድርገው። እዚህ ላይ እጅህን ያዝ። እኔ ብዙ ባማሰልኩ ቁጥር ያምራል ብዬ ጭቃ አድርጌዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ቀለም ይበቃል። ከዚያ ዲስኳን በፊቷ ገልብጠህ ከአንድ ጎን ጀምረህ አስተኛት፤ አየር ከሥሯ ከቀረ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። አረፋው ላይ ጽሑፍ ከጻፍክ ዲስኳ ላይ በግልባጩ እንደሚወጣ አትርሳ። ከዚያ ተዋት። እስከ ነገ በዚያው ሰዓት ድረስ አትንካት፣ ገልጠህም አትይ። ትዕግሥት የለህም፤ አውቃለሁ። ግን ቀስ በቀስ እንቁላል እንኳን በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? አንተ ደግሞ ድሮውንም ባለ እግር ነህ። ሲደርስ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቃትና በሳሙና እጠባት።

የሾፌሯን ነገር ልጨርስልህ። ለእሷ ሌላ ዲስክ ገዝቼ፣ ሻጩንም ጠይቄ የሞከርኩት ያንን የባሏን የጀንበር ቀለም ነበር፤ ቀዩ አልይዝ ብሎኝ የወጣልኝ ግን አረንጓዴና ቢጫ፣ ዝናብ የጠገበ ማሳ የሚመስል ነገር ነው። አፈርኩ። ቢሆንም በጋዜጣ ጠቅልዬ ጠዋት አውቶቡስ ስገባ ጭኗ ላይ አኖርኩላት። ከፈተችው። መንገደኛው ከኋላዬ ተሰልፏል፣ እሷ ግን እያገላበጠች ታያታለች። «ይሄ የእሱን አይመስልም» አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የእሱን ላስመስል ብዬ እንደነበር፣ እንዳልሆነልኝ ነገርኳት። እሷ ግን ራሷን ነቅንቃ፣ «እንኳንም አልሆነልሽ። ያ የእሱ ነበር፤ ይሄ የኔ ነው» አለችና እስክሪብቶ አውጥታ ስልክ ቁጥሯን እዚያው ዲስኳ ጀርባ ላይ ጻፈች። ከኋላ አንዱ «ኧረ እንሂድ!» ብሎ ሲጮህ፣ ያቺ ኮስታራ ሳቀች።

የባሏን ዲስክ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለቻት። እሑድ እሑድ እኔና እሷ መናፈሻው እንሄዳለን። አወራወሬ ያስቃል፤ ቅርጫቱ እዚህ፣ የኔ ዲስክ ዛፍ ላይ። አንተ ያየሃትን ፎቶ ያነሳችኝ እሷ ናት። እዚህ አገር ከመጣሁ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ነበር። ለእማዬ ንገራት፤ ልጅሽ ብቻዋን አይደለችም በላት።

ስለ ኳሱ አይቆጭህ አልልህም፤ ይቆጭሃል፣ እኔንም ይቆጨኛል። አንተ በዚያ እግርህ ስትሮጥ ሰፈሩ እንዴት እንደሚነሳ አይቻለሁ። ይሄ ኳስን አይተካም፤ እንዲተካም አልጠይቀውም። ለመወርወር ግን መሮጥ አያስፈልግም፤ በምርኩዝም ቆሞ ይወረወራል። ክንድህ ደግሞ ጉድ ነው፣ ድንጋይ ስትወረውር የስንቱን መስኮት እንዳነጋገርክ እኔ ነኝ የማውቀው።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። አባዬን ለአረፋው አመስግንልኝ፤ ካልሰጠህም እኔ ነኝ ያዘዝኩት በለው። አክስታችን በጸሎቷ አትርሳኝ፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውም ሰላም ይድረሰው። አሠልጣኝህን ከልቤ አመስግነው። የደጁን ውሻ ሳይቀር ጆሮውን እከክልኝ።

አንድ ነገር ዘልዬ ነበር። ዲስኳን አጥበህ ስትጨርስ በአምፑል ብርሃን አይተህ «አላማረም» እንዳትል። ክፍል ውስጥ ቀለሙ ሁሉ ጥቁር ይመስላል። እውነተኛ መልኳ የሚታየው ፀሐይ ላይ ብቻ ነው። እና የኔ ሆድ፣ ለእሷ ስትል ደጅ ይዘሃት ውጣ።

የምትወድህ እትዬ

ከመናፈሻው ማዶ ካለችው ክፍሌ
የካቲት ፱ ቀን